ሦስት ኪሎ ስንዴ ለነፋስ ወፍጮ

እሑድ

ሆላንድ ልሄድ ነው። እኔ!

ጠዋት ካርቶን ስደረድር ሥራ አስኪያጃችን አቪ በጣቱ ጠራኝ። ጥፋት ያገኘብኝ መስሎኝ ካርቶኑን ጥዬ ሮጥኩ። ቢሮ ስገባ ቁጭ በል አለኝ። ቁጭ በል ሲሉኝ ደግሞ ይብስ እፈራለሁ። አዲሱ የካርቶን ማጠፊያ ማሽን ከሆላንድ ይመጣል፤ ሁለት ሠራተኞች ሄደው አምስት ቀን ይማሩበታል፤ አንዱ አንተ ነህ አለኝ። "ዕብራይስጤ እኮ..." ብዬ ስጀምር "ማሽኑም ዕብራይስጥ አይችልም" አለኝ።

ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ኩሽኔታ ነው። ባለፈው ወር አሮጌው ማሽን ሲያቃስት መካኒኮቹ ግማሽ ቀን ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ። እኔ እንጨት አስደግፌ ጆሮዬን ሰጠሁትና "ይቺ ኩሽኔታ ናት" አልኳቸው። እሷው ሆና ተገኘች። ወገራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የናፍጣ ወፍጮ ያሠራሁ ሰው ነኝ፤ ማሽን ሲያመው አውቃለሁ። እዚህ አሽቀሎን ከመጣን ሁለት ዓመት ሆነን፣ ሙያህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቅጹ ላይ "ሙያ የሌለው" ብለው ሞልተውልኝ ቀርቷል።

አቪ ቢሮ ግድግዳ ላይ የማሽኑ ኩባንያ የላከው የቀን መቁጠሪያ አለ። ሥዕሉ ረጅም ክብ ግንብ ነው፤ ግንባሩ ላይ አራት ትልልቅ ክንፎች። ምንድን ነው ስለው "የነፋስ ወፍጮ ነው፤ የጥንት። ዛሬም ይፈጫል ይላሉ" አለኝ። ከምንማርበት ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው አሉ። ኧረ ተው! ይህንን ሳላይማ አልመለስም።

ቤት ገብቼ ስናገር ባለቤቴ የሺ እልል አለች። ልጄ ብርቱካን (አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ኦስናት ይሏታል) "ኤይዜ ዮፊ፣ አባ! እንዴት ደስ ይላል!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴን ግን አውሮፕላኑም ማሽኑም አልሞቃትም አልበረዳትም። ስለ ወፍጮው ብቻ ጠየቀች።

"ነፋስ እብቅ ይወስዳል እንጂ መቼ ይፈጫል?" አለች።

"እዚያ ይፈጫል አሉ፣ እማ።"

"በድንጋይ?"

"በድንጋይ።"

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባችና ራሷ ከፎቁ ጀርባ ዘርታ ያመረተችውን ስንዴ ይዛ መጣች፤ ሦስት ኪሎ። ለማየት ብቻ እኮ ነው የምሄደው ብላት "ወፍጮ ቤት ባዶ እጁን የሚሄድ ዱቄት ሊሰርቅ ነው" አለችኝ። እሺ አስፈጭልሻለሁ አልኳት። ምናለ አፌን ቢይዘኝ!

ሰኞ

የስንዴውን ነገር ልጻፈው፣ አንድ ቀን ብርቱካን ታነበው ይሆናል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያመጡን ጊዜ ዕቃ አትያዙ ተባልን። እናቴ ከወገራ አውድማችን አንድ እፍኝ ስንዴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነበር፤ ያንን ማንም አላየባትም። እዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከፎቁ ጀርባ ቆፍራ ዘራችው። ሲያሸት የግቢው አትክልተኛ ሣር መስሎት በማሽን አጨደው። እናቴ እየጮኸች ወጥታ አንዲት ጥግ አስቀረች። እሷኑ ለቅማ ዘንድሮ መልሳ ዘራችው። በዚህኛው ዓመት አትክልተኛው ራሱ ዙሪያውን ገመድ አጠረላት። ሦስት ኪሎ ወጣው።

ስለት አለባት። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ቀርታለች፤ ወረቀቷ አልደረሰም ተብሎ ይኸው ሁለት ዓመቷ። እናቴ "ልጄ የዚህን አገር መሬት ስትረግጥ መጀመሪያ የምትቀምሰው ከዚህ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ነው" ብላ ተስላለች። ከድንጋይ በወጣ ዱቄት፤ በሌላ አይሆንም። በእጇ እንዳትፈጭ ትከሻዋ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። እኔ ደግሞ ጅል ሆኜ አንድ ቀን በቡና መፍጫ ትንሽ ሞከርኩላት። በጣቷ አሸት አድርጋ "አቃጠልከው" አለችና ከእጄ ነጠቀችኝ። ጥሩወርቅ በዚህ መስከረም ልትመጣ ትችላለች የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ የላትም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። የቢሮው ጸሐፊ ሲሞና ሆላንድ ደውላ ጠየቀችልኝ። ስልኩን ዘግታ ጣቷን አነሣች። ወፍጮው አለ፣ ይፈጫል፣ ግን የሚያሠሩት ሰዎች በፈቃዳቸው ነው፤ በሌላው ቀን ሌላ ሥራ አላቸው። የሚፈጨው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

"ተገጣጠመልህ!" አለ አቪ። "ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት፣ ቅዳሜ ነፃ፣ እሑድ መመለስ።"

"ቅዳሜ ሰንበት ነው" አልኩት።

"እዚያ ማን ያይሃል?"

"የሚያየኝማ እዚያም አለ" አልኩት። ሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሳቁ አናደደኝ። እስከ ማታ ድረስ ካርቶኑን እየደበደብኩ ስደረድር ዋልኩ።

ማክሰኞ

ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። "ሰንበትማ ከሆነ ይቅር" አለች። ከረጢቱን ከጠረጴዛው አንሥታ አቧራ እንደነካው ሁሉ አራግፋ ወደ ክፍሏ መለሰችው። በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የሺ ጎተት አድርጋ ወጥ ቤት አስገባችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ገበያ ወስደህ አስፈጨው፤ ከሆላንድ ስትመለስ ይኸውልሽ በላት። ማን ያውቃል?"

"እሷ ታውቃለቻ! በአውራ ጣቷ አሸት ታደርገዋለች፣ አለቀ።"

"እሱስ እውነት ነው" ብላ ድንች መላጧን ቀጠለች። ለአፍታ ግን አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም።

ከሥራ ስመለስ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ። ባለወፍጮውን ለምን አልጠይቀውም? ወገራ ላይ እኔስ ስንቱን ከሰዓት ውጭ አልፈጨሁም? ለሐዘን ቤት፣ ለአራስ ቤት፣ በእኩለ ቀን ሞተር ካጠፋሁ በኋላ "ኧረ ባክህ" ብላ በር ላይ ለቆመች ሴት። ባለወፍጮ የባለወፍጮ ልብ ካልገባው ለማን ሊገባው ነው?

ብርቱካንን አስቀምጬ ደብዳቤ አስጻፍኳት። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ። የአገር ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ የአውድማውን፣ የነጠላውን፣ የአትክልተኛውን፣ የእናቴን ትከሻ። "ዳይ፣ አባ! በቃ! ይሄ ሁሉ ለምኑ ነው?" ትላለች በዕብራይስጥ። ጻፊ እላታለሁ። ጥሩወርቅ ጋ ስንደርስ ግን ማጉረምረሟን ተወች። እስክሪብቶዋን ነክሳ "እማማ ለዚህ ነው እንዴ አትክልተኛው ላይ የጮኸችው? እኔ እኮ ያኔ አፍሬባት ነበር" አለችኝ፤ በአማርኛ።

መጨረሻ ላይ እንዲህ በይ አልኳት፦ ዓርብ ትምህርቴ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ሰንበት ስለሚገባብኝ ጊዜ የለኝም፤ በማለዳም ቢሆን፣ በምሳ ሰዓትም ቢሆን በሌላ ቀን ትፈጭልኛለህ ወይ?

ረቡዕ

ሲሞና ደብዳቤውን በፋክስ ላከችው። ወረቀቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሲወጣ "አልሄደም እኮ፣ ይኸው ተመለሰ" ብላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችብኝ። እሷም በልጅነቷ ከሞሮኮ የመጣች ናት፤ ሳቋ አይከፋም።

እስከ ምሳ አራት ጊዜ ቢሮ ሄድኩ። መልስ የለም። ከምሳ በኋላ ሁለት ጊዜ። የለም። አቪ "ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል ነው" አለኝ።

የሺ ባርኔአ ሰፈር ከምትሠራበት ሰው ቤት ሻንጣ ተውሳ መጣች። ቀይ ነው። ትልቅነቱ እኔን ያስገባል። እናቴ አየችውና አልፋው ሄደች። እራት ላይ ሁለት ጉርሻ በልታ ተነሣች።

እኔም ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ። በሆላንድ ይሆናል።

ሐሙስ

መጣ! መጣ! መጣ!

ሲሞና ወረቀቱን እያውለበለበች ማሽኖቹ መሀል ድረስ መጣች፤ የጆሮ መከላከያዬን ራሷ ነቀለችልኝ። ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ አነበበችልኝ፤ ማታ ደግሞ ብርቱካን በአማርኛ ደገመችልኝ። በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት ይቻላል።

"ውድ የሙያ ባልደረባዬ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ባልደረባዬ! ስሙ ፒት ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ፤ ወፍጮውን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ነው የሚያሠራው። እንዲህ አለ፦ ዓርብ በአሥር ሰዓት ከትምህርትህ ስትወጣ በር ላይ በመኪና እጠብቅሃለሁ። ስለ ሰንበትህ አታስብ፤ በእኛ አገር በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ አለን። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ሆቴልህ አደርስሃለሁ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት! ጉድ እኮ ነው። እኔ በአሽቀሎን ፀሐይ ነበር የማሰላው፤ ፀሐይዋ እዚያ እንደዚያ አምሽታ እንደምትቀር ማን ነግሮኝ? አቪም ሲሞናም አላሰቡትም።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። ስንዴው ሲነከስ ይሰነጠቃል ወይስ ጥርስ ላይ ይለጠፋል? እናትህ የምትወደው የላመውን ነው ወይስ ሸካራውን? ከዚያም፦ ድንጋያችን ፊቱ ለስልሷል፣ መወቀር ይፈልጋል፤ ከእኛ መሀል ደህና አድርጎ የሚወቅር የለም። መሣሪያው አለኝ፤ አንተ እጅህን ብታሳየን ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ ሲሞና ቆም ብላ አየችኝ። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። ድንጋይ መውቀር እንደምችል እኔ አላስጻፍኩም ነበር። ማታ ብርቱካንን ጠየቅኳት። አንተ "ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ" ብቻ ነበር ያልከኝ፤ እኔ "አባቴ የወፍጮ ባለሙያ ነው፣ ድንጋይ ይወቅራል" ብዬ ጨመርኩበት አለችኝ። መቼ አይተሽኝ ስላት፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ሁልጊዜ እሰማህ ነበር፣ ቃ ቃ ቃ ሲል አለች። እቅፍ አድርጌ ሳምኳት፤ "ዳይ፣ አባ" አለችኝ ደግሞ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የፋክሱ መጨረሻ፦ "ነፋሱን ግን ቃል ልገባልህ አልችልም። ነፋስ ከሌለ አንፈጭም፤ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን።"

እውነተኛ ባለወፍጮ ነው። እኔም ናፍጣ ሲያልቅ እንደዚሁ ነበር የምላቸው።

ዓርብ

ጉዞው ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፤ እናቴ ግን ዛሬውኑ ካላሸግነው አለች። ፋክሱ ከተነበበላት ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ጠዋት አንዲት ፍሬ ነከሰችና ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ ሰነጠቀችልኝ። "በለው፣ ይሰነጠቃል። ላም ያለ ይሁን፤ ግን እንዳያቃጥለው።" ስንዴውን ሦስተኛ ጊዜ ለቀመችው። ምኑን እንደምትለቅም አላውቅም፤ ጠጠር ከጠፋበት ቆይቷል።

ከዚያ ከረጢቱን በእጇ ሰፍታ ጥቅጥቅ አድርጋ አመጣችልኝ። እዚህ ላይ ተጣላን። ሲሞና አስጠንቅቃኛለች፤ አየር ማረፊያ ላይ "ዕቃህን ማን አሸገው?" ይሉሃል፣ "እኔ ራሴ" ካላልክ አውሮፕላኑ ትቶህ ይሄዳል ብላኛለች።

"ታዲያ እኔ ራሴ በላቸው" አለች እናቴ።

"ውሸት ይሆናል፣ እማ።"

"እናትህ ሰፋችው ብትል ምን ክፋት አለው? እናት የላቸውም?"

ተደራድረን ተደራድረን ፈታሁት። ስቸኩል ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለችና አንድም ፍሬ ሳትረዳኝ ወንበር ላይ ተቀምጣ አስለቀመችኝ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ሥር። ከዚያ መርፌውን ሰጠችኝ። እኔ ስሰፋ ስፌቱ እንደ ሰከረ ሰው መንገድ ተጠማዘዘ። አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም፤ ሳቀች። ጥርሷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው! የሺም ሰምታ ከወጥ ቤት መጣች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

አፉን ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ። እጇን ሰድዳ አንድ እፍኝ ዘገነችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

"ይህ ደግሞ ለምን?" አልኳት።

"ለዘር። ነፋሱ እንቢ ቢልስ?"

"እሺ ቢልስ?"

"እሺ ቢልም ለዘር። ጥሩወርቅ ከመጣች በኋላ ምን ልንበላ ነው?"

ዝርዝር፦ ፓስፖርት ደርሷል። ሹራብ የለኝም፣ ልዋስ። የሰንበት ዳቦ ሁለት፣ ቅዳሜ ሆቴል ቁጭ ብዬ የምበላው። መዶሻ ልያዝ? አይ፣ ፒት አለኝ ብሏል። ስንዴው ከሻንጣው ሥር፣ በሹራብ ተጠቅልሎ። ለእሱ ስጦታ ምን ልውሰድ?

እናቴ አሁን በረንዳው ላይ ቆማለች። የባሕሩ ነፋስ የተሰጣውን አንሶላ ሁሉ ሊገነጥለው ነው። "ይህን የመሰለ ነፋስ እዚህ በከንቱ ሲያልፍ!" ትላለች። ጣቷን እያረጠበች ትዘረጋለች፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆላንድ ነው የሚሄደው ትለኛለች። እንዳፍሽ ያድርገው አልኳት። ፀሐይ እየወረደች ነው፤ የሺ እየተጣራች ነው። ሰንበት ሳይገባ እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።