ከስግደት መነሣት ካቃተኝ ወዲህ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ለተማርያም፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ? ወገብዎ ተሻለው? የአሰላው ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ ሐረር ያለነው ሁላችን ደኅና ነን። ደኅና ያልሁት ስለ ቤተ ሰቡ ነው፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ።

በስቅለት ዕለት መድኃኔ ዓለም ስሰግድ ቆይቼ መነሣት አቃተኝ። ሕመም የለውም፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ አለኝ። ሴቶቹ በጸሎት የተመሰጥሁ መስሏቸው "ተዉአት፣ ታልቅስ" ተባባሉ። ግንባሬን መሬት ላይ እንደ ደፋሁ እናታችንን አሰብሁ። እሳቸውም መጀመሪያ ያቃታቸው ከበርጩማ መነሣት ነበር። በኋላ ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

ምራቴ በለጡ ሥራውን ሁሉ ከእጄ ነጥቃኛለች። እንስራ ላንሣ ስል "እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?" ትላለች። እንጨት የምታመጣልኝ መርየም እኩያዬ ናት፤ ከድሬ ጠያራ ገጠር ተሸክማ በእግሯ ኤረር በር ትደርሳለች። ግድግዳ ይዤ ስነሣ አይታ "ወላሂ ገላነሽ፣ እግርሽን በጡረታ አሰናበትሽው እንዴ? የኔንስ ማን ባሳረፈው!" አለችኝ። ሳቅሁ። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሟ ካረጥሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ጠየቀችኝ። አምስት አልኋት። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚሉት ነገር ከደሟ ይቀንሳል፤ አጥንትም ጡንቻም ይሳሳል አለች። የሚተካውን እንክብል ስጪኝ ብላት፣ ጡንቻ ይመልስ እንደሆነ ገና በእርግጥ አልታወቀም አለችኝ። እንቁላል እንድበላ፣ ሸክምም እንዳልተው አዘዘችኝ። "የሚጨርስዎ መቀመጡ ነው" አለች።

እትዬ፣ እኛ እናታችንን "ይረፉ" እያልን ስድስት ዓመት ከአልጋ አላወረድናቸውም። አሁን ከበለጡ ጋር ውሃ ልቀዳ ቦኖ እወርዳለሁ፤ ግማሽ እንስራ ይዤ እመለሳለሁ። በየመንገዱ እቆማለሁ። እሷ አኩርፋለች።

እርስዎ በአራት ዓመት ይበልጡኛል። ባለፈው ክረምት ሲመጡ ከመደቡ የተነሡት በሁለት እጅዎ ተደግፈው ነበር። አይቼ ዝም አልሁ። ይህን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ በእጅዎ ሳይደገፉ ከወንበር ይነሡ። ቢችሉም ባይችሉም እውነቱን ይጻፉልኝ።

ባለቤቴ ሳህሉ እጅ ይነሣል። ለባለቤትዎ ለአቶ አሰፋ፣ ለልጅዎ ለሙሉጌታም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለምራትዎ ለአስካለች ሰላም ይበሉልኝ። ደግ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ባልዲውን ግን ከእጅዎ አትቀበልዎ።

እኅትዎ ገላነሽ ወልደ ጊዮርጊስ
ሐረር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.