ነርስ መሆን ስንት ጆንያ ነው?

ሰኞ

ለካ ዕዳ ነበር!

ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ባንክ ሲገባልኝ የከረመው የምግብ ብር እርዳታ አይደለም። ዛሬ የትምህርት ክፍል መምረጫ ፎርም ልወስድ ሬጅስትራር ብሄድ፣ ሠራተኛዋ አምና የፈረምኩትን የወጪ መጋራት ውል አውጥታ አሳየችኝ። መኝታ፦ ባዶ፣ ቤታችን እዚሁ መቀሌ ዳር፣ ቁሓ ስለሆነ። ምግብ፦ «በገንዘብ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌአለሁ። ከሥሩ፣ ተመርቄ ሥራ ስይዝ ከደመወዜ በየወሩ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ። ፊርማው የራሴ ነው፣ ያውም አሳምሬ የፈረምኩት።

ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ያሉት ሁሉ «ካፌ ካልበላሽ ብሩን ይሰጡሻል» አሉኝ። ምልክት አደረግሁ፣ አለቀ። ማን ፎርም ያነባል?

የሚያቃጥለኝ የአባ ነገር ነው። ብሩን አውጥቼ የምሰጠው ለእሱ ነበር። እኔንም መንግሥትንም መርቆ ይቀበላል። ጣሪያችንን አሳደሰበት፣ በተረፈው ጆንያ ገዛበት። ከወሎ መጥቶ መቀሌ ከከተመ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው፤ የተቀደደ ጆንያ ይገዛል፣ ይሰፋል፣ ይሸጣል። ከሱቅ ስኳር እንኳ በዱቤ አያመጣም።

ምርጫው እስከ ዓርብ መግባት አለበት። ዛሬ ከቤት ስወጣ «ነርሲንግ፣ አንደኛ» ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።

ማክሰኞ

ለአባ አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ይልቅ ጎረቤታችን ሲስተር ለተብርሃን ጋ ሄድኩ። ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ስንት እንደምታገኝ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ሳቀች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ደመወዝ ሁለት ነው። ወረቀት ላይ ያለውና እጅሽ የሚገባው። የወረቀቱን እርሺው።»

ግብሩ፣ ጡረታው፣ የወጪ መጋራቱ ሁሉ ተቆርጦ የሚተርፈውን ነገረችኝ። ቤት ገብቼ ወደ ጆንያ መነዘርኩት። እኛ ቤት አንድ ነገር የሚገባን በጆንያ ሲነገር ነው፤ አንዱ ተሰፍቶ ተሸጦ የሚያተርፈውን ማለቴ ነው።

– ነርስ በወር እጇ የሚገባው፦ ስድስት መቶ ጆንያ ገደማ
– ኤርፖርት ያለው ካፌ፣ ካሸር (ጓደኛዬ ብርኽቲ የምትሠራበት፤ ሰው ይፈልጋሉ)፦ አራት መቶ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ!
– እስካሁን ያለብኝ ዕዳ፦ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ትምህርቱን ብተወውም አይጠፋም።
– በዚሁ ዓይነት አራቱን ዓመት ብጨርስ፦ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ። በየወሩ በሚቆረጠው ልክ ከፍዬ የምጨርሰው በአሥራ ሦስት ዓመት።

አሥራ ሦስት! ደግሜ ደማመርኩት፣ ያው ነው።

ግን እማ ስታርፍ መድኃኒት አልነበረም። ጦርነት ነው፣ መንገድ ዝግ ነው፣ ደመወዝም የለም። ሲስተር ለተብርሃን ግን ነበረች። በየቀኑ በእግሯ እየመጣች እጇን ትይዝላት ነበር። እኔ ነርስ መሆን የፈለግሁት ያኔ ነው። ይሄ ስንት ጆንያ እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ

አባ ዛሬ የጋሽ ሙሄን ቀብር ውሎ መጣ። ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን የሠሩ የድሮ ጓደኛው ናቸው። ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ።

«ከሶላቱ በፊት ‹ሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ካለ› ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ሰው እጁን አወጣ! ልጁ አንገቱን ደፍቶ ‹እኔ ላይ ይሁን› አለ። እኛኮ ሀብታም ነው ብለን!» ከዚያ ውኃ ጠጣና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ የሞትኩ ቀን ማንም እጁን አያወጣም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኩት።

«ስንት?» አለ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ጆንያ።»

ወደ እጁ ተመለከተ። ያንን ለመስፋት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ሳላውቅ ዕዳ በላሁ በይኛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወለድስ አለው?»

«ሦስት ጊዜ አነበብኩት አባ። ወለድ የሚል ቃል የለበትም።»

መስጊድ ሄዶ ተመለሰና ጆንያውን መስፋት ቀጠለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ብርኽቲ ደወለች። «ሐያት፣ እስከ ነገ ካልወሰንሽ ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው፣ ስምዕኒ፣ ስሚኝ እንጂ!» ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው። የደንብ ልብሱ ያምራል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጀለ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ያ ፎርም ታወሰኝ። ምግብ «በዓይነት» ይላል፣ «በገንዘብ» ይላል። ሁለቱንም ባዶ መተው እንደሚቻል እንዴት አልታየኝም? ከከርሞ ጀምሮ ከቤት እየበላሁ፣ የትምህርቱን ድርሻ ብቻ ብፈርም፦ ስመረቅ ያለብኝ፣ እስካሁን ያለውን ጨምሮ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ጆንያ። ከፍዬ የምጨርሰው በአራት ዓመት ተኩል!

ችግሩ፣ አባ የለመደው ብር ይቀራል። ታክሲና ምሳም አለ። ቅዳሜና እሑድ አብሬው ጆንያ እሰፋለሁ። ጣቴ ይደማል፣ ይድማ። የእሱ ልጅ አይደለሁ? ግትርነት ከእሱ ነው የወረስኩት።

ፊቱን አይቼ መናገር ስላቃተኝ ሒሳቡን ጽፌ የጆንያ መስፊያ መርፌው አጠገብ አስቀመጥኩለት።

ዓርብ

ጧት ወረቀቱ ጫማዬ ላይ ነበር። በላዩ የአባ ምሳ ዕቃ፣ ገበያ የሚወስዳት ያቺ የተቆለመመች፣ ተሞልታ።

«አንተስ?» አልኩት።

«ገበያ ዳቦ አላጣም። ተነሽ፣ ለጁምዓ ሶላት እንድደርስ።»

አብሮኝ መጣ። ሬጅስትራሯ የከርሞውንም ውል አብራ ሰጠችኝ። «ምግብ?» አለች። «ከቤት» አለ አባ፣ ከእኔ ቀድሞ። «መኝታ?» «ከቤት።»

እስክሪብቶውን ሳነሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ያው እኔ ነኝ ቀድሜ የምሄደው። ግን አላህ አያድርገውና ቢገለበጥ፣ ‹ዕዳ አለባት ወይ› ሲባል ተነስቼ ‹እኔ ላይ ይሁን› የምለው እኔ ነኝ። እወቂው ብዬ ነው። በይ ፈርሚ።»

ዓይኔ ደብዝዞብኝ ስለነበር መጀመሪያ ጠረግሁት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ። ነርሲንግ፣ አንደኛ ምርጫ።

ለብርኽቲ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኳት። ነጥቤ ይበቃ አይበቃ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ይታያል።

አባ ወደ ጁምዓ ሄደ፤ እኔ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። ራሱ የሠራው ሽሮ ነው። ጨው አብዝቶበታል። ጠርጌ በላሁት።