ነፋስ የማያስገባው የጥንቸል ቤት

ልጄ፣ በሄድክበት መወደድን ይስጥህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ያው እንደነበረው ነው።

«ጥንቸል አርቡ፤ ቶሎ ቶሎ ይወልዳሉ፣ ብቸኝነቱንም ያስረሷችኋል» ብለህ የላክኸውን ቪዲዮ አባትህ ደጋግሞ አየው። የቤቱን አሠራር ግን «አርባ ዓመት በርና መስኮት ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ለጥንቸል ልማር እንዴ?» ብሎ ናቀው። ጣውላ ስለተወደደ አልጋህን ፈታ። ሰባት ዓመት ማን ተኛበት ብዬ ተውኩት።

በሽቦ መሠራት የነበረበትን ዙሪያውን በጣውላ ግጥም አደረገው። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ «መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ካገኛችሁ ንገሩኝ» ይል ነበር። አራት ጥንቸሎች አስገባን። ፀሐይ የበረታ ዕለት ከገበያ ስመለስ አራቱም ታፍነው ሞተዋል። አባትህ እጁን በማዕዘኖቹ ላይ አሻሸና «ይኸው፣ እንከን የለውም» አለኝ።

አንተን ለመውቀስ አይደለም። ግን ልጄ፣ ያንተን ቦታ በጥንቸል ሙሉት ማለትህ አንጀቴን አሳርሮታል።

አሁን ቤቱን አፍርሶ አልጋህን መልሶ እየገጠመ ነው። ትናንት ሜትሩን ይዞ ማድቤት ድረስ መጣና «ቁመቱ አሁን ስንት ደርሷል?» አለኝ። የሄድከው ጺም ሳታበቅል ነው።

የምታንኳኳው በር ሁሉ ይከፈትልህ። ባትመጣም እንኳ፣ ቁመትህን ለክተህ ላክለት።

እናትህ