ስም ጥሪው ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ

ውድ አምሳ አለቃዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ያለ ፈቃድ ከምድብ መጥፋት እንደሚያስጠይቅ አንተው ታውቃለህ። ላኮርፍህ ሞክሬ ነበር፤ የሚያባብለኝ ስለሌለ ተውኩት።

ሰሊጡ ታጭዷል። አንተ የነዶውን ክምር፣ ሂላውን፣ የምታቆመው በሰልፍ ነበር፣ ሦስት ብርጌድ አድርገህ፣ ከመስመር የወጣውን ነዶ እየገሠጽክ። ዘንድሮ ሠራተኞቹ እንደመጣላቸው ከመሩት። ብታየው ሌላ ሞት ትሞት ነበር።

የክፍለ ጦርህን ታሪክ የሚተርክልኝ ጠፍቶ ቤቱ ጭር ብሏል። ስንቴ ነው ዝም በል ያልኩህ? በምሥራቅ አጠቃችሁ፤ በሰሜን ከተራራ ተራራ ዓመታት ቆያችሁ። በታሪክህ ሽሽት የሚባል የለም። ክፍለ ጦሩ ተበትኖ በመተማ ወደ ሱዳን ስታቋርጡ እንኳ ስልታዊ ማፈግፈግ ነበር። ማፈግፈጉም ተመልሶ እኛ መንደር ሽንፋ መጣና ከደጄ ውኃ ለምኖ እዚያው መሸገ። በኋላ ለሦስተኛው፣ ለድንበሩ ጦርነት ሲጠሯችሁ ከድሮዎቹ የተገናኛችሁት ጥቂት ነበራችሁ፤ አንተ ግን ክፍለ ጦሩ ሙሉ ነው አልክ።

በየዓመቱ ከአጨዳ በኋላ ቤታችን ተሰብስባችሁ ስም ትጠራራላችሁ። አንዱ መዝገቡን ያነባል፤ ለሞተው፣ በሕይወት ያለው ተነሥቶ «በግዳጅ ላይ» ይላል። መላሽ የታጣ ዕለት ክፍለ ጦሩ ፈረሰ ብላችሁ የደነገጋችሁት እናንተው ናችሁ። አንተና አያ ደሴ ብቻ ስትቀሩም፣ አንዱ ሲጠራ አንዱ ሲመልስ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በሳቅ ልፈነዳ እደርስ ነበር።

ባለፈው እሑድ አያ ደሴ ከገለጉ በጭነት መኪና መጣ፣ አቧራ ለብሶ፣ ብቻውን። መዝገቡን ዘረጋ፣ የመጀመሪያውን ስም ጠራና መላሽ ጠበቀ። ጠሪ መላሽ አይሆንም፤ ሕጋችሁ ነው። መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል ሳላስበው ጭልፋዬን እንደ ጠመንጃ ይዤ ቆምኩ። «በግዳጅ ላይ» አልኩ። ቀና ሳይል ቀጠለ፣ እኔም ለሁሉም መለስኩ። የአንተ ስም መጨረሻ ላይ ነበር። ሁለቴ ጠራህ፤ በመጀመሪያው አንተው የምትመልስ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

ዓይኔ ደክሟል ብሎ መዝገቡን ለእኔ ትቶ ሄደ። ስሞቹን እያጠናሁ ነው። በሚመጣው ዓመት ሂላውንም አሰልፋለሁ፣ ስትጠራም ቆሜ እመልስልሃለሁ። እኔ እያለሁ ክፍለ ጦርህ አይፈርስም። ለእኔ ማን እንደሚመልስ ግን ሕጋችሁ ረስቶታል።

ባለቤትህ፣ አዲሷ ምልምል