ደወሉ ያቋረጠው ንባብ

ለማትረሺኝ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለቤትሽስ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? የጠመኔው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ልጆቹ እንዳያዩሽ ፊትሽን ወደ ሰሌዳው አዙረሽ ነው የምትስዪው? እኔ ጉሮሮዬ አልፎ አልፎ ከመከርከሩ በቀር ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፤ ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ ሳይሆን ከየት እንደምጀምር ቸግሮኝ ነው። ትምህርት ቤቱን መልቀቄን ከሌላ ሰው በመስማትሽ ማዘንሽን ጽፈሻል። ልክ ነሽ። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ አስተምረን፣ ያንቺ ክፍል ሲዘምር የእኔው ሲያጨበጭብ ኖረን፣ ይህን ከሰው መስማት አልነበረብሽም። ይቅር በይኝ።

አንቺ በባለቤትሽ ሥራ ምክንያት ከሄድሽ ወዲህ ፊደል ሳይለዩ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች በዙብኝ። ቁጭ ብዬ ላግዛቸው ብል ሌሎቹ ሰባዎቹ ይጠብቁኛል። በመጨረሻ እነሱን ብቻ የማስተምርበት ቤት ልክፈት ብዬ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አንድ መስኮትና ሦስት አግዳሚ ወንበር አላት፤ ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል።

ስጀምር የሠራሁትን ስሚ። በሩ ላይ በትልቁ «ለደካማ ተማሪዎች ልዩ ትምህርት» ብዬ ለጠፍኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ዝር አላለም። አንዲት እናት ልጇን ይዛ እስከ በሩ መጥታ፣ ግራ ቀኟን አየት አድርጋ፣ መንገድ እንደተሳሳተ ሰው ተመለሰች። ልብስ ሰፊው ቁም ነገር በቀልድ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው ጽሑፉን ሲያዩ ቆዩና፣ ልጄ፣ እኔ በሱቄ በር ላይ ቦርጫም ሰዎች እዚህ ይለካሉ ብዬ ብጽፍ ማን ይገባልኛል? አሉኝ። በዚያው ቀን ቀድጄ ጣልኩትና «የንባብና የሂሳብ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ አራት ልጆች መጡ፤ በወሩ አሥራ አንድ ሆኑ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ።

በሁለተኛው ወር አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ልጁን ይዞ መጣ። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። እሱ ሲያወራ እሷ ጫማዋን ታያለች። ልጅቷ ትምህርት ጠልታ ነው፣ ስንፍና ነው፣ ድሮ እንዲህ አልነበረችም አለኝ። ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ የውጤት ካርዷ ላይ «ጎበዝ ተማሪ ናት፤ በርቺ» ብላ የጻፈችላት መሆኑን በኩራት ነገረኝ። ያን ጊዜ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መልሳ ሰበረች። ቅንድቧ ላይ ካለችው ጠባሳ አወቅኳት። ካርዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አባትየው ያኔ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው ከእናቷ ጋር ስለነበር አላወቀኝም።

ከሄደ በኋላ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጠኋት። እንደ ውኃ አወረደችው። ዓይኗ ግን ገጹ ላይ አልነበረም። መጽሐፉን በመዳፌ ሸፈንኩት፤ አፏ አላቆመም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተወጣች በኋላ እጄን አየችና ዝም አለች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ጓደኛዬ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሁለተኛ ክፍል ሳለችም አውቄ ነበር። ጠርጥሬ ሳይሆን አውቄ። አንድ ቀን አስነብቤያት በቃሏ እንደምትወጣው ገብቶኛል። ያን ዓመት ክፍሌ ውስጥ ሰባ ሁለት ነበሩ፤ ነገ እመለስባታለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ ነበር፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በዓመቱ መጨረሻ ካርዷን ሳወጣ መልካም ጸባይዋን አሰብኩና ያንን ጻፍኩ። አራት አስተማሪዎች ደግሞ የእኔን ጽሑፍ እያመኑ አሳለፏት።

ሁለት ሳምንት ምንም ሳልናገር አስተማርኳት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ሄጄ አባቷን አስጠራሁና ሁሉንም ነገርኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደበኝም። ደብተሯን ፊቷ ላይ ቀድጄባታለሁ፣ ደንቆሮ ብያታለሁ አለኝ። ከዚያ ለእሷ ነግረሻታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነገርኳትም ስለው፣ እንግዲያው መጀመሪያ መሄድ የነበረብሽ ወደ እሷ ነው ብሎኝ ወደ አውቶቡሱ ገባ።

ሳምንት ሙሉ ቀረች። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ሁለት ወላጆችም ልጆቻቸውን አስቀሩ። ልብስ ሰፊው ምንም ሳይጠይቁኝ በየጠዋቱ ደጄን ጠርገው ይጠብቁኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ብቻዋን መጣች። ሌሎቹ ሳይገቡ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ቃላቱን አስቤባቸው ነበር፤ ጠፉብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም፣ አይቼ አለፍኩሽ አልኳት። ቲቸር፣ እኔም አስታውሳለሁ አለችኝ። ያን ቀን እጅዎን ገጹ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ደወሉ ተደወለ። ተረፍኩ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር አለች።

እጄን መዘርጋቴን እኔ አላስታውስም። እሷ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ያንን እጅ ይዛው ኖራለች።

እሷ ደብተሯን አወጣችና፣ «መ» ላይ ነበር ያቆምነው አይደል? አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም። «ለ» እና «ሰ»ን ለመለየት አሥር ቀን ፈጀብን። አንድ ቀን ስትወጣ በልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን በጣቷ እየተከተለች፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ልብስ ኃላፊነት አንወስድም የሚለውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዞር ብላም፣ ታዲያ ያ ዓመት ሙሉ የተሰቀለው ግራጫ ኮት የማነው? ብላ ጠየቀቻቸው። የእኔ ነው፣ ጠቦኝ ነው የሰቀልኩት ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት።

ባለፈው ሳምንት ክፍሏ ውስጥ ለማንበብ እጇን አውጥታለች። አንዱን አንቀጽ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወስዶባት ልጆቹ አጉረምርመዋል። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ጨረሰችው። ይህን የነገረኝ አባቷ ነው፤ አውቶቡሱን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪዎቹ እየጮሁበት። ካስቀሩት ወላጆችም አንዷ ልጇን መልሳልኛለች።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ስለ ጎረቤትሽ ልጅ ጠይቀሽኛል። ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ቃላት የምትገለብጠው። የላክሽልኝን የጽሕፈት ገጿን በደንብ አየሁት። ስንፍና አይደለም፤ ስንፍና እንዲህ ተጭኖ አይጽፍም፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ጥጉ ላይ ኮፍያ ያደረገች ድመት ተሥላለች። እኔም አልጋዬ ራስጌ እንዲህ ያለች ባለኮፍያ ድመት አለችኝ፤ አምና ስታመም ከእናንተ ቤት በፖስታ የመጣችልኝ።

ለእናቷ እንዲህ በያት። ስታስነብባት ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ትቀመጥ። ቀይ እስክርቢቶውን ከቤት ታውጣው። ይሄማ ቀላል ነው አትበላት፤ ለልጅቷ ቀላል አይደለም። ከሁሉ በላይ ራሷን አትውቀስ። ቀኑን ሙሉ ሰባ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ውሎ ማታ ቤት ሲገባ ዓይን ይደክማል። ጊዜው አላለፈም፤ ሦስተኛ ክፍል ገና ጠዋት ነው። እኔ የሾፌሩን ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የጀመርኳት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘሻት ነይ። አንድ ተጨማሪ አልጋ አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ክፍሏ ባዶ ናት። ለማንም ምንም መንገር የለብሽም፤ እኔን ልትጠይቂ መጣሽ፣ አለቀ። እኔም አልጠይቅሽም።

ጤናሽ ይመለስ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ቤትሽ ሰላም ይዋል ይደር። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ድመቷን የሳለችውን ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ከግድግዳው ወዲያ የነበርኩት እህትሽ