የክኒኑን ስም ብቻ ላክ

ይድረስ ለወንድሜ ለተረፈ፣ አዲስ አበባ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የመስቀል ሰሞን ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ? የቤት አከራይህስ፣ አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆችስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እህትህ መንበረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሬ ቆሜአለሁ። እማዬም አለች። ላሚቱም ደህና ናት። ይህን ሁሉ የምደረድረው እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰላምታ ሳይቀድም ክፉ ወሬ አይጻፍም ስላለችኝ ነው እንጂ፣ እኔስ በአንድ ቃል ጀምሬ በአንድ ቃል ብጨርሰው በወደድኩ።

ተረፈ፣ መሰለች ከትናንት ጀምሮ አልነቃችም። የወንድማችን የደበሌ ሚስት፣ መሰለች። ሞተች አላልኩህም፤ ትተነፍሳለች። ግን ብንጠራት አትመልስም፣ ብንቆነጥጣት አይሰማትም። ይህን የምጽፍልህ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው አንተ ለመስቀል ካመጣኸው ክኒን ነው። ያን የከረሜላ ቆርቆሮ ታስታውሰዋለህ? ደበሌን በሰኔ ከቀበርን ወዲህ እማዬ ዓይኗ አልከደን ብሏት መከራዋን ስታይ፣ እኔ መድኃኒት ቤት እየሠራሁ እናቴ እንቅልፍ ትጣ ወይ ብለህ አመጣህላት። የሐኪም ወረቀት አያስፈልገውም ወይ ብዬ ብጠይቅህ ሳቅህብኝ። አዲስ አበባ ማንም ገብቶ እንደ ማስቲካ ገዝቶት ይወጣል አልከኝ። ስሙ ብዙ ነው፣ የጀርመኑም የሌላ አገሩም ውስጡ አንድ ነው፣ እኔ ርካሹን ነው ያመጣሁት አልክ። ያ ርካሹ ማን እንደሚባል ግን አልነገርከንም፤ እኛም አልጠየቅንህም። ማታ ማታ አንድ ፍሬ አልክ፣ በቃ። እማዬም ተኛች። እውነቱን ልናገርና ያን ሰሞን መርቄህ ነበር።

እማዬን ደግሞ ታውቃታለህ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር በእሷ ቤት ለብቻ ተይዞ አያውቅም፤ ሳሙናውን ሳይቀር በቢላዋ ቆርጣ የምታዳርስ ሴት ናት። መሰለችም እንደ እሷው ስትገላበጥ ነው የምታድረው፤ ባሏ ነው የሞተው። ስለዚህ እማዬ ከቆርቆሮው አሥራ አምስት ፍሬ ቆጥራ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችላት። ሐዘኑ የሁለታችን ነው፣ መድኃኒቱም የሁለታችን ነው አለች። በዚህ አልከፋም። የከፋው ምክሯ ነው። ለእማዬ መድኃኒት ማለት ኮሶ ነው። ኮሶ ደግሞ እየተቆነጠረ አይወሰድም፤ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ አንዴ ግጥም ተደርጎ ነው የሚጠጣው። «እየቆራረጡ መውሰድ በሽታውን ማለማመድ ነው። ለእኔ አንድ አንድ የተባለልኝ አሮጊት ስለሆንኩ ነው። አንቺ ጉልበት አለሽ፣ አንዴ ጠጥተሽ ተገላገይው» አለቻት። ለክፋት መሰለህ? ምስኪን፣ አዝናላት ነው።

ትናንት ማክሰኞ ማለዳ መሰለች ሁሉንም ፈጭታ፣ በዋንጫ በጥብጣ ጠጣችው። ዛሬን እንደ ኮሶ ቀን ቁጠሪልኝ፣ ማንም እንዳይጠራኝ ብላኝ በሯን ዘጋች። ኮሶ የጠጣ ሰው እንደማይጠራ ታውቃለህ። እኔ ነኝ ደጁን የጠበቅሁላት ተረፈ፣ እኔ ራሴ። እንሰት እየፋቅሁ ከበሯ ፊት ዋልኩ። ጎረቤታችን ዘርፈሽዋል ወንፊት ልትዋስ ብትመጣ ኮሶ ጠጥታለች ብዬ መለስኳት። የመሰለች ልጅ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ፣ እናቴ ጋ ልግባ ብላ ብታለቅስ ጎትቼ ወሰድኳት። አሥር ሰዓት ላይ ነው ኧረ ኮሶ የጠጣም ሰው እስከዚህ አይቆይም ብዬ በሩን የገፋሁት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አፏ ተከፍቶ አገኘኋት። ወይኔ እህትህ! አንዴ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ ባያት ምን ነበረበት?

በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናት። መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ፈቃደ፣ ጎጃሜ፣ ደግ ሰው ነው፤ ከአጠገቧ ሳይነሳ አደረ። የሚለው ግን አንድ ነገር ነው። የእንቅልፍ ክኒን ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ለአንዱ የሚደረገው ለሌላው አይሆንም፣ የጠጣችውን ሳላውቅ ብወጋት ላድናት ልግደላት አላውቅም ይላል። ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብንለው መኪና ላይ ስትንገላታ ትንፋሿ ይቆማል ብሎ ፈራ። ጎህ ሲቀድ አንዲት ክኒን ይዤ ሀቢቡ ሱቅ ሮጥኩ፤ ከጨውና ከክብሪት ጋር ክኒን የሚቸረችረው ሀቢቡ። ከመሳቢያው ሦስት ዓይነት ነጭ ክኒን አወጣና ከእኔዋ ጎን ደረደራቸው። አራቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። አንዱ ለራስ ምታት ነው፣ ሁለቱ ለእንቅልፍ ናቸው አለኝ። ስማቸውን ንገረኝ ብለው፣ ወላሂ እህቴ፣ እኔ የማውቃቸው በመልካቸው ነው አለ። ስልክ ቤት ሄድኩ፤ መስመሩ ከእሁድ ጀምሮ ተበላሽቷል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የያዘልህ በርበሬ ነጋዴው ሸረፋ ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ በእጅህ ሳያስረክብ ውሃ እንዳይቀምስ አስምዬዋለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ይመለሳል። ወረቀቱ ውስጥ የጠቀለልኳት ክኒን ያቺው ያንተ ናት፤ ረስተህ እንደሆነ ከመድኃኒት ቤታችሁ ብልቃጥ አውጥተህ አስተያያት። ስሙን ጉልህ አድርገህ ጽፈህ ለሸረፋ ስጠው። ወይም ራስህ ይዘኸው ና። ያለ ወረቀት መስጠቴ ይታወቅብኛል፣ ጌታዬ ያባርረኛል ብለህ እንዳታቅማማ። ቢያባርርህ ና፣ እንሰት ፍቄ አበላሃለሁ። ዝም ብትል ግን የሚመጣውን መስቀል ይህን ደጅ አትርገጥ። ኧረ ምን እያልኩ ነው እኔ! አንተን ለመውቀስ ምን አፍ አለኝ፣ ደጅ ጠባቂዋ እኔ።

ይህችን ክኒን ከእማዬ እጅ ያወጣኋት በትግል ነው። ከቆርቆሮው የቀረችው እሷ ብቻ ናት። መሰለችን እያየች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጣቶቿን አልከፍትም አለችኝ። ዛሬ ማታ በምን ልተኛ ነው አለች። አንድ በአንድ ነው የፈለቀቅኋቸው።

ዘርፈሽዋል ሰላም ትልሃለች። አቶ ፈቃደ ባያውቅህም ሰላም ብሎሃል፤ ፍጠን በይው ብሎኛል። ኢትዮጵያ ባዶውን ቆርቆሮ አቅፋ፣ አጎቴ ከረሜላ ሞልቶበት ይምጣ ትላለች። ደብዳቤ በጻፍኩልህ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ከእኔም ሰላም በይው የምትለኝ መሰለች ነበረች፤ ዛሬ አላለችኝም። እማዬ ዓይንህን ትስማለች። ከዚያው ክኒን ጥቂት ጨምሮ ለሸረፋ ይስጥልኝ በይው ብላኛለች። ቃሏን እንዳለችው አድርሻለሁ። አንተ ግን ስሙን ብቻ ላክ።

እህትህ መንበረ
ቡታጅራ፣ ረቡዕ ጥቅምት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.