ለቤት ሥራዬ ስለተሰጠኝ የዝውውር ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይም የዓይን ጤና፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ስለ ዓይኑ የጻፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት አሁን አውቄአለሁና።

እኔ በላቦራቶሪው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የደም ናሙና የመረመርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ፣ «የማየት ችሎታዎ መቀነሱን በራስዎ የእጅ ጽሑፍ ስላረጋገጡ» ወደ መዝገብ ቤት መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍ የተባለው እርስዎ ባዘጋጁልን የእንግሊዝኛ ኮርስ ላይ የሠራሁት የቤት ሥራ ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ የቤት ሥራዬን እንዲህ ተጠንቅቆ ያነበበልኝ ሰው ስላልነበረ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ጥቂት ያልገቡኝ ነገሮች አሉ።

፩. መምህራችን ያዘዘን፣ አንድ ነገር ከመሆኑ በፊት ምን ማድረግ እንችል እንደነበር የሚገልጹ አሥር ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ ነበር። አሥሩን ለመሙላት ስል በአራተኛው ላይ «ዓይን ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት ጥቃቅን ፊደላትን ማንበብ እችል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ አላውቅም። በሰባተኛው ላይ ደግሞ «ክንፌ ከመሰበሩ በፊት መብረር እችል ነበር» ብያለሁ፤ ስለ ክንፌ ግን ደብዳቤዎ ምንም አይልም።

፪. ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆንነው ስድስት ሠራተኞች ድሮ ምን እንችል እንደነበር ስንጽፍ፣ ወጣቶቹ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ስለ ወደፊት ዕቅዳቸው ይጽፉ ነበር። የመደልደያ ፈተና አልተሰጠንም። በትውልድ ዘመን የደለደለን ማን ይሆን?

፫. በወረቀቱ ግርጌ የሠራተኛ መለያ ቁጥራችንን ጽፈን እንድንፈርም ታዘናል። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ሁሉ ፈርሜ ያስረከብኩት የቤት ሥራ ትዝ አይለኝም። ምክንያቱን ስጠይቀው መምህሩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሽሽቶ፣ «እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ቅጹ ከቢሮ ነው የመጣው» አለኝ።

፬. የአምቡላንስ ሹፌራችን እንግሊዝኛው ከሰላምታ ስለማያልፍ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በምሳሌነት የጻፈውን «ከአደጋው በፊት መንዳት እችል ነበር» እንዳለ ገለበጠ። ሠላሳ ዓመት ሲያሽከረክር የጎን መስታወት እንኳ ያልሰበረ ሰው፣ ዛሬ የደበቀውን አደጋ ቀንና ቦታ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ተጠይቆ የመኪናውን ቁልፍ አስረክቧል። ባለቤቱ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ማንን ነው የገጨው? እኔን እንኳ ደበቀኝ እኮ!» አለችኝ። ከሰሌዳ ላይ የተገለበጠ ነው ብላት ልታምነኝ አልቻለችም፤ ለእሱ የተጻፈውን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አይታለችና።

፭. አሁን በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነው፤ እሱን አልከስም። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው የላቦራቶሪያችን ባጅ ግን የተሰጠበት ቀን ተጽፎበታል፤ እኔ የቤት ሥራዬን ካስረከብኩበት ቀን በሁለት ቀን ይቀድማል። ያ ኮርስ ያስተማረኝ ዋናው ቁም ነገር ካለፉ ሁለት ነገሮች የትኛው እንደቀደመ መለየት ነው። ትምህርቱ ገብቶኛል፤ ለየሁ። የባጁን ቀን ያነበብኩት፣ ክቡርነትዎ፣ ያለ መነጽርና በሩ ላይ ቆሜ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመረጡት ሐኪም ፊት፣ በመረጡት ቀን፣ ሃያ ናሙና ያቅርቡልኝ። አንዱን ብስት መዝገብ ቤት በራሴ እግር እሄዳለሁ። ካልሳትኩ ግን ወንበሬን ይመልሱልኝ፤ ለሹፌሩም ቁልፉን፣ ለባለቤቱም ባልደረሰ አደጋ ያስለቀሷት እርስዎ መሆንዎን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጡልኝ።

ለቤት ሥራዬ የሰጡት ክብር ለሥራዬም እንዲተርፍ በመመኘት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በማይክሮስኮፕ ፊት የነበረው፣ ለጊዜው በፋይሎች መካከል ያለው ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ፋይሌ የተሟላ እንዲሆን አሥራ አንደኛውን ዓረፍተ ነገር አክዬአለሁ፦ «ይህን ኮርስ ከመውሰዴ በፊት እርስዎን ማመን እችል ነበር።» በዚህኛው ላይ ማንም ሳያዘኝ ፈርሜበታለሁ።